የተመለሰ ዕቃ አይፈርስም ያሉት አቶ ያረጋል ሸምሶ

አቶ ያረጋል ሸምሶ ከአባታቸው ከአቶ ሸምሶ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታ ነርጋ፣ ከጥያ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ሚያዝያ 23 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ናቸው። የተወለዱት በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ስለነበረ የክርስትና ስማቸው ገብረ ጊዮርጊስ ተባለ።

ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ካህን ዘንድ ነው። ከዚያም በአቅራቢያቸው በተከፈተ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ፤ ራሳቸውም ከዚህ የተሻለ ነበርኩ ብለው አያውቁም። አብረዋቸው ያደጉ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ የተሰበረ ዕቃ ቤት ውስጥ ካለ ያረጋል እስኪያየው ድረስ አይጣልም ነበር። አብዛኛውን ግን መጠገን አይችሉም ነበር።

በ1961 ዓ.ም. በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች፣ አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገቡ። መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ አቶ ኃይሌ ከሚባሉ ባለሙያ ዘንድ ተቀጥረው በርሜል እየቀደዱ ምድጃና ባልዲ መሥራት ለመዱ። ሙያውን ያወቁት ከእኚህ ሰው ነው፤ ስማቸውንም እስከ መጨረሻው በአክብሮት ያነሡ ነበር። ሆኖም ዕድሜ ልካቸውን የተመሩበትን ሕግ ያገኙት ከአሠሪያቸው ስህተት ነው። አንድ ጊዜ እግሩ እየተነቀለ ያስቸገረ የከሰል ምድጃ ተመለሰ። አቶ ኃይሌ ወዲያው ቀጥቅጠው አካፋ አደረጉት። ጥቂት ወራት ቆይተው ያንኑ ዓይነት ምድጃ በዚያው ዓይነት እግር ሠሩ፤ እሱም ተመለሰ። ወጣቱ ያረጋል የመጀመሪያው ምድጃ እግር የቱ ጋ እንደለቀቀ ለማየት ቢፈልጉ፣ ምድጃው አካፋ ሆኖ ከተሸጠ ቆይቷል።

በ1971 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ወናፍና በአንድ የብረት መቀጥቀጫ ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ብረት መቀጥቀጥ በገበሬው ቤተሰብ ዘንድ የሚናቅ ሙያ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው የእርሻ ድርሻህን ውሰድና እጅህን ከከሰል አውጣ ብለው ለምነዋቸዋል። አቶ ያረጋል ድርሻቸውን ለእኅቶቻቸው ትተው ከሰሉን መረጡ።

ወደ ወርክሾፑ ከመጡት የመጀመሪያ ደንበኞች አንዱ የመስቃኑ ሰው ሐጂ ሀቢቡ ከድር ናቸው። ያን ጊዜ ገና ሐጅ አላደረጉም፤ በርበሬ ይነግዱ ነበር፤ ለመጋዘናቸው የብረት በር አዘዙ። በሩ አልገጠመም። በአህያ አስጭነው መልሰው አመጡትና ሌላ ተሠራላቸው። የመጀመሪያውን በር ምን እንደሚያደርጉበት ሲጠይቁ አቶ ያረጋል እንደሚያስቀምጡት ነገሯቸው። ሐጂ ሀቢቡ እንደሚሉት፣ ይህ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ሀብታም ይሆናል ብለው አሰቡ፤ ሁለቱም ስላልሆነ ሸሪካቸው ሆኑ። በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው ሽርክና በኋላ «ያረጋልና ሀቢቡ የብረታ ብረት ሥራ ኅብረት ሽርክና ማኅበር» ተብሎ ተመዘገበ።

በጥር ወር 1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ አበባ ተካ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው አደይን፣ ምንተስኖትንና ማስተዋልን ወልደዋል።

የማኅበሩ ሕግ ከመጀመሪያው አንድ ነበር፤ የተመለሰ ዕቃ አይፈርስም። ደንበኛ ያልወደደውን ዕቃ ሲያመጣ ይለወጥለታል። የተመለሰው ከግቢው ጀርባ ወዳለው ረጅም ክፍል ይገባል፤ በላዩም ላይ የመጣበት ቦታ፣ ዓመቱና ደንበኛው የተናገረው ምክንያት በቀይ ቀለም ይጻፋል። አይታጠብም፣ አይቃናም። ሠራተኛው ሁሉ ክፍሉን «ምላሽ ቤት» ይለው ነበር። አዲስ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት አቶ ያረጋል ሠራተኞቻቸውን ይዘው ገብተው የድሮውን ያሳዩ ነበር። የማኅበሩ ዶማ በመስቃንና በሶዶ ገበሬ ዘንድ የታወቀው እንደዚህ ነው፤ አንገታቸው የለቀቀ ስድስት ዶማዎችን አንድ ላይ አጋድመው ቢያዩ ሁሉም የለቀቁት በአንድ በኩል መሆኑን ደረሱበት። በ1979 ለአንድ ማር ነጋዴ ተሠርቶ የተመለሰ የሰም መጭመቂያም ነበር። ለሰም አልሆነም፤ ብሎኑ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ዛሬ ወልቂጤ ገበያ ላይ በሚሸጠው የቆጮ መጭመቂያ ውስጥ ገብቷል።

አንድ ዕቃ ግን ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት አልበገርም አለ። እሱም ከእንሰት ልጥ ለቆጮ የሚሆነውን የሚፍቀው የእንሰት መፋቂያው ነው።

የመጀመሪያውን መፋቂያ በ1986 ሠሩ። በእጅ የሚዞር፣ ጥርስ ያለው ከበሮ ነበር። በወርክሾፑ ውስጥ ሠራተኞቹ ቆመው እያዞሩ ሞከሩት፤ ፋቀ። ወደ ጉንችሬና ወደ ኬላ ከተሞች የተላኩት በዓመቱ ተመለሱ። በ1993 ሁለተኛውን፣ በ1999 ሞተር የተገጠመለትን ሦስተኛውን ሠሩ። እነሱም ተመለሱ። ምክንያቱ በየጊዜው በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ሥራ ይታረማል። ቃጫ ይበጥሳል የተባለው ጥርሱ ተሞረደ፤ ይጮኻል የተባለው ላስቲክ ተደረገበት፤ ይከብዳል የተባለው ቀለለ። የተባለው ሁሉ ተስተካክሎ ሴቶቹ ወደ ቀርከሃ መፋቂያቸው ተመለሱ። አቶ ያረጋል እናታቸው በእርጅናቸው ወገባቸው ያልተቃናው በእንሰት ፍቂያ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ስለዚህ ይህን ሥራ እንደ ሌላው ሊተዉት አልቻሉም። ማኅበሩ ከዶማና ከማረሻ ያገኘው ትርፍ ወደ መፋቂያው መሄዱን ሐጂ ሀቢቡ ለረጅም ጊዜ አይተው እንዳላዩ አለፉት።

በ2009 ዓ.ም. ግን ነገሩ ሊታለፍ የማይችል ሆነ። ከውጭ የገባው ዶማና አካፋ ገበያውን ሞላው፤ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ከሠራተኞቹ እኩሌታው ተሰናበቱ። ሐጂ ሀቢቡ ምላሽ ቤቱ ተጠርጎ ከውጭ የገባውን ዕቃ የሚሸጡበት መደብር እንዲሆን፣ ውስጡ ያለው ብረትም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንዲሰጥ ጠየቁ። ይህ ካልሆነ ሽርክናው ይፍረስና ሁሉም በየፊናው ይሂድ አሉ። ነገሩ በሽማግሌ ታየ። ሽማግሌዎቹ የሐጂ ሀቢቡን ሐሳብ ደገፉ፤ አቶ ያረጋልም ተቀበሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የቆየ ወዳጅነት በቁርጥራጭ ብረት ምክንያት ከሚፈርስ ብረቱ ይሂድ ማለታቸውን ወይዘሮ አበባ ያስታውሳሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሁለቱ ሰዎች ከሥራ ውጭ አይነጋገሩም ነበር።

በሰኔ ወር የጭነት መኪናው መጣ። የሆነውን ሐጂ ሀቢቡ ራሳቸው በየሰርጉና በየለቅሶው ስለሚናገሩት ከእሳቸው አፍ እንደተሰማው እናቀርበዋለን። ዕቃው ሲጫን ዝናብ ያካፋ ነበር። አቶ ያረጋል በሩ ላይ ቆመው አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸው ሐጂ ሀቢቡን አናደዳቸው። ስለዚህ እየተጫነ ባለው መፋቂያ ሁሉ ላይ የተጻፈውን እየጮኹ ማንበብ ያዙ።

«ይኸው ስማ፤ ‹ድምፁ ላም ያስደነግጣል›። የኬላን ላም ያስጨረስነው እኛ ነና!»

ሐጂ ሀቢቡ ወደሚቀጥለው መፋቂያ ዞሩ።

«ይኸኛው ደግሞ፤ ‹ሚስቴ ሥራ ፈታችብኝ›። ይህ ሰውዬ ማሽኑን አይደለም፣ ሚስቱን ሊመልስልን ነው የመጣው።»

ጫኞቹ ሳቁ። ሐጂ ሀቢቡ ሌላ አነበቡ፣ ሌላም አነበቡ። ከዚያም ለማናደድ ብለው እንጂ መልሱን ፈልገው ባልሆነ ድምፅ ጠየቁ።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ ያጻፈህ ማነው? አንዲት ሴት እንኳ ራሷ ይዛ መጥታ ታውቃለች?»

«አንድም የለችም። ባሎቻቸው ናቸው።»

«ታዲያ ባል እንሰት ይፍቃል እንዴ?»

በአገራችን ልማድ ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ያዛውራል፤ ሴቶች በሚፍቁበት ቦታ ግን አይቆምም፤ ነውር ነው። ማሽኑን የሠሩት ወንዶች ሴቶቹ እንዴት እንደሚፍቁ ቀርበው አላዩም። ማሽኑን የመለሱት ባሎችም አላዩም። ማሽኑ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ መቆሙን ብቻ አይተው፣ በመንገድ ላይ የመሰላቸውን ምክንያት ይዘው መጡ። ማኅበሩም ያንን ምክንያት በቀይ ቀለም ጽፎ ሃያ ዓመት ሲያስተካክል ኖረ።

አቶ ያረጋል ዕቃው እንዲወርድ ጠየቁ። ጫኞቹ ሐጂ ሀቢቡን አዩ። ሐጂ ሀቢቡ «አውርዱ» አሉ፤ ራሳቸውም አንዱን በአንድ በኩል ይዘው አወረዱ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጽሑፉን ትተው ብረቱን አዩ። በጉንችሬው መፋቂያ ታችኛው ብረት ላይ ሳንቃ በቃጫ ገመድ ታስሮበታል። ከኬላ የመጣው አራቱም እግሮቹ በመጋዝ አጥረዋል። በሌላው ላይ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ያለ አንድ ቦታ ቀለሙ ለቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። እነዚህን ሁሉ ሲመለሱ አይተዋቸው ነበር። ደንበኛው ያበላሸው ነው ብለው ነበር ያለፉት።

እነሱ ሄደው ቢጠይቁ ሴቶቹ እንደማያናግሯቸው ስላወቁ፣ ወይዘሮ አበባና የሐጂ ሀቢቡ እኅት ወይዘሮ ሰልሚያ ከድር ወደየመንደሩ ሄዱ። ይዘውት የመጡት መልስ አጭር ነበር። የጉንችሬዋ ባለ ሳንቃ «ቁጭ ብዬ በእግሬ የምይዘውን ቆሜ በምን ልያዘው?» ብላቸው ኖሯል። ሴት እንሰት ስትፍቅ ተቀምጣ፣ ልጡን ዘንበል ባለው ሳንቃ ላይ በተረከዟ ወጥራ ነው። ሦስቱም ማሽኖች ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተሠሩ ነበሩ፤ እግሯን ሥራ ፈት አድርገው ወገቧን ያጎብጡ ነበር። ወይዘሮ አበባ ይህን መልስ ሲያመጡ በ1986 ማሽኑን እንዳዩ ቁመቱ ለማን ነው ብለው እንደጠየቁ አስታወሱ። ለምን ያኔ አልደገምሽውም ሲባሉ፣ ያኔም የሰማኝ አልነበረም ብለዋል። አቶ ያረጋል ይህን አላስተባበሉም።

ከዚያ ያደረጉት ነገር በመንደራቸው ለብዙ ጊዜ ተወርቷል። አንድ እንሰት አስቆርጠው ወደ ወርክሾፑ አስመጡ። ሠራተኞች ባሉበት መሬት ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ተረከዛቸውን ሳንቃው ላይ አሳርፈው ወይዘሮ አበባ እንዲያስተምሯቸው ጠየቁ። ያን ጊዜ ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከሠራተኞቹ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ነበረ። ወይዘሮ አበባ መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ኋላ ግን እንደማንኛዋም ልጅ እግርህን አጥብቀው፣ ክንድህን አታንሣ እያሉ አለማመዷቸው። ወሬው ጥያ ሲደርስ ታላቅ ወንድማቸው «ከሰሉ አልበቃው ብሎ ሴት ሆነ» አሉ። በዚያ ዓመት ለመስቀል ቤተሰቡ ሁሉ ሲሰበሰብ ወንድማቸው ሰላምታ አልሰጧቸውም። አቶ ያረጋል ክትፏቸውን በልተው፣ ለልጆች ሁሉ ያመጡትን ሰጥተው፣ ያለ ቅሬታ ተመለሱ። ሁለቱ ወንድማማቾች የታረቁት በሦስተኛው ዓመት ነው።

በእግር የሚረገጠውና ተቀምጦ የሚሠራበት መፋቂያ ወዲያው አልተሳካም። የ2010ሩ ልጡን ያንሸራትት ነበር፤ ተመለሰ፤ ምላሽ ቤትም ገባ። ለ2012 መስቀል የወጣው ግን ሄዶ ቀረ። ማኅበሩ በእሱ አልበለጸገም፤ ሆኖም አልተዘጋም፤ የተሰናበቱት ሠራተኞች አብዛኞቹ ተመልሰዋል። የምላሽ ቤቱ ሕግም ተሻሻለ። ዕቃውን ማንም ሊያመጣው ይችላል፤ የሚጻፈው ቃል ግን የተጠቀመበት ሰው ቃል ብቻ ሆነ። ባል ይዞ ከመጣ ዕቃው ይለወጥለታል፤ ምክንያቱ ግን ወይዘሮ ሰልሚያ ደውለው ከሚስቱ እስኪሰሙ ይጠበቃል።

በኋላ ከወልቂጤ ለጉብኝት የሚመጡ የምህንድስና ተማሪዎች የማኅበሩን ጥሩ ሥራዎች ለማየት ሲጠይቁ፣ አቶ ያረጋል «የሠራው፣ ሰው ቤት ነው ያለው፤ እኛ ጋ የቀረው ያልሠራው ነው» እያሉ ወደ ጀርባው ክፍል ይወስዷቸው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ወጣት ሆሳዕና፣ ዛሬ የማኅበሩ የአዳዲስ ዕቃዎች ኃላፊ ናት።

አቶ ያረጋል በሥራ ላይ ትዕግሥተኛ፣ በቤት ውስጥ ግን ቶሎ የሚቆጡ ሰው ነበሩ። ሐሜት አይወዱም ነበር። በእድራቸው ለሃያ ሁለት ዓመታት በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ያገለገሉ ሲሆን፣ የጎደለ ብርጭቆ ፍለጋ ቤት ለቤት በመዞራቸው የተቀየሟቸው ጥቂት አልነበሩም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። ከሕመማቸው ጋር በአንድ ጊዜ የከተማው መንገድ እየሰፋ የግቢው የፊት ክፍል እንደሚነሣ ታወቀ። የፊቱ ክፍል መደብሩና የሐጂ ሀቢቡ ቢሮ ያለበት ነው። ከዚያ በኋላ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ አይቀርም፤ ወይ መደብሩና ቢሮው ወደ ምላሽ ቤቱ ይገባሉ፣ ወይ ምላሽ ቤቱ ይቆይና እነሱ ይቀራሉ። ልጃቸው ምንተስኖትና የሐጂ ሀቢቡ ልጅ ሙባሪክ የተመለሱት ዕቃዎች ፎቶግራፍ ተነሥተው ብረቱ እንዲሸጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳባቸው ምክንያት ነበረው፤ መደብር የሌለው ማኅበር ምን ይሸጣል የሚል ነው። በሁለቱም ቤተሰብ ብዙ ሰው ደገፈው።

ልጃቸው አደይ አባቷ ቃላቸውን እንዲሰጡ ለመነቻቸው። የመለሱላት ይህን ነው።

«እኔ ከተናገርኩ፣ እስኪሞት ደስ ይበለው ብለው እሺ ይሉኛል። እኔ ስሄድ ያፈርሱታል። ሀቢቡ ይወስን።»

ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠይቃቸው ስለ ክፍሉ አልተናገሩም። ቤተሰቡ ግን ሌሊት ይሁን ቀን የሚያስቡት ይህንኑ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሐጂ ሀቢቡም ለብዙ ወራት ውሳኔያቸውን አልተናገሩም።

በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. በሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሐጂ ሀቢቡ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ጠየቋቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው አወሩ። ሊነሡ ሲሉ መደብሩን ከገበያው አጠገብ በኪራይ እንደከፈቱት፣ ቢሮው እንደፈረሰ፣ ጠረጴዛቸውንም ምላሽ ቤት ውስጥ እንዳስገቡት ነገሯቸው። አንድም ብረት አልወጣም።

አቶ ያረጋል ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ጠበበህ?»

«ጠበበኝ።»

«እንግዲያው ሴቶቹ ዕቃ ይዘው ሲመጡ አንተ ውጣላቸው።»

ሐጂ ሀቢቡ እሺ አሉ።

አቶ ያረጋል ሸምሶ በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ጥቅምት 12 ቀን ቤተሰቦቻቸው፣ ወዳጆቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት፣ በትውልድ መንደራቸው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። በዚህ ሰዓት ወርክሾፑ ሥራ አቁሟል፤ ምላሽ ቤቱ ግን አልተዘጋም። ትናንት ከኬላ አንዲት እናት የቆጮ መጭመቂያ ይዘው መጥተው ነበር። ሐጂ ሀቢቡ ከወንበራቸው ተነሥተው ወጡላቸው፤ ወይዘሮ ሰልሚያም ቃላቸውን ጻፉ።

አቶ ያረጋል ባለቤታቸውን ወይዘሮ አበባ ተካን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ሁለት እኅቶቻቸውን፣ እንዲሁም የአርባ አምስት ዓመት ሸሪካቸውን ሐጂ ሀቢቡ ከድርን ትተው ሄደዋል።

የተሰበረውን የማይጥል፣ ወደ እርሱ የተመለሰውን ሁሉ የሚቀበል አምላክ የአባታችንን የገብረ ጊዮርጊስን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለሸሪካቸውና ለሚወዷቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።